የ7 ዶላሩ ደመወዝ ነገር

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሜትሮው መውጫ አጠገብ የነሐስ ወታደሮች ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ከ200 ሺህ በላይ ስም ተጽፏል፦ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ የተዋጉ ጥቁሮችና ነጭ መኮንኖቻቸው።

ግር የሚለው የደመወዛቸው ሕግ ነው። ነጭ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኛል። የጥቁሩ 10 ነው፤ እሱም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጣል። እጁ የሚገባው 7። ለምን? ክፍያውን የወሰነው የ1862 ሕግ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በዋናነት ያሰበው ምሽግ ቆፋሪና የካምፕ ሠራተኛን ነበር።

ከጥቁሮቹ የጦር ክፍሎች አንዱ የሆነው 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ብሩን አልቀበልም አለ። ግዛቲቱ ልዩነቱን ልሙላ ብትልም እምቢ። የክብር ጉዳይ ነዋ!

ጁን 1864 ኮንግረስ ደመወዙን እኩል አደረገ። ግን ሕጉ እዚህ ጋ ይጠላለፋል። ውዝፉ ለሁሉም ከጃንዋሪ 1864 ጀምሮ ይታሰባል። ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብለት ግን ኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነፃ ሰው የነበረ ብቻ ነው። አብሮ የቆሰለው ጓደኛው ያን ቀን ባሪያ ከነበረ ይቀርበታል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

የ54ኛው አዛዥ ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል መላ ዘየደ። ወታደሮቹን ያስማለው «ነፃ ነበርኩ» በሚል ቃል አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያልተከፈለበት ጉልበት ዕዳ እንዳልነበረባቸው ማሉ። ባሪያ የነበረውም ይህን ሲምል አልዋሸም፤ በፈጣሪ ሕግ ለጌታው ምንም ዕዳ የለበትማ። እኩል ክፍያ ቃል ተገብቶላቸው ለዘመቱ ሌሎች ሬጅመንቶች ግን መፍትሔው የመጣው በማርች 1865 ሕግ ነው።