የመርማሪ አጭር ልብ ወለድ ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ይሰጣል። መልሱ ወንዝ መሆኑ ሲነገረው የሚቆጨው «ከየት አውቀዋለሁ» ብሎ ሳይሆን «እንዴት አጣሁት!» ብሎ ነው። ወንዙን በየቀኑ ሲሻገረው ኖሯል። መልሱ ልጁ አይቶትም ሰምቶትም የማያውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ማጭበርበር ይሆን ነበር።

የመርማሪ አጭር ልብ ወለድ በዚህ ቁጭት ላይ የተገነባ የድርሰት ዓይነት ነው። ወንጀል ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈጸማል፤ ነገሩን የሚያጣራ ሰው ይመጣል፤ ፍንጮች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ በመጨረሻም መርማሪው ከምን ተነስቶ ከምን እንደደረሰ ያስረዳል። ደም መፍሰሱ ግዴታ አይደለም። የጠፋ ደብዳቤ ወይም የተሰረቀ ጌጥ ብቻ ያለባቸው ድንቅ ታሪኮች አሉ። ግዴታው ሌላ ነው፤ መርማሪው ያየውን አንባቢውም ማየት አለበት። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለዚህ ድርሰት አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሕጎቹ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው እንዳይደብቅ ያዛል፤ ሌላው ደግሞ መንፈስና ተአምር ወደ ታሪኩ እንዳይገቡ ይከለክላል።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ለእኛ አገር አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። በጥንቱ ዘመን ሌባ ይፈለግ የነበረው በሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። «እንዴት አወቅህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። የመርማሪ ታሪክ ግን ከነአካቴው የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። መርማሪው የወንጀለኛውን ስም ተናግሮ ዝም ቢል አንድም አንባቢ አይረካም፤ ማስረጃውን እስኪቆጥርልን ድረስ እንጠብቃለን።

የዓይነቱ አባት ተብሎ የሚጠራው አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ ነው። በፓሪስ የሚኖረውን ዱፓን የተባለ መርማሪውን በ1841 ፊላደልፊያ ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ አስተዋወቀ። የለንደን ፖሊስ የመርማሪዎች ክፍል ያቋቋመው በማግስቱ ዓመት በ1842 ነው። ፖ አጭር ታሪክ በአንድ መቀመጫ ተነብቦ ማለቅ አለበት የሚል ጽኑ አቋም ነበረው፤ ለመርማሪ ታሪክ ደግሞ ይህ ምክር በጣም ይስማማዋል። ምሽት ላይ የተጀመረ ታሪክ ከመኝታ በፊት ሲያልቅ ሁሉም ፍንጭ ገና በአእምሮ ውስጥ ትኩስ ነው። በአምስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የታየች ክብሪት ግን መጨረሻው ላይ ማን ያስታውሳታል?

ከዚያ አርተር ኮናን ዶይል መጣ። ሐኪም ነበር፤ ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪውን ሲፈጥርም በኤድንብራ ያስተማረውን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን እያሰበ ነበር። ቤል በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ሥራውንና የመጣበትን አገር ከሁኔታው ተነስቶ የሚናገር ሰው ነበር። ዶይል ስለ ሆልምስ 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። ከሁሉም በ1892 የወጣውን የጠፋውን የእሽቅድምድም ፈረስ ታሪክ አስበልጣለሁ፤ ለተማሪዎቼም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ያነበብኩላቸው እሱን ነው።

ፈረሱ በሌሊት ከጋጣው ይጠፋል፤ አሠልጣኙም ሜዳ ላይ ሞቶ ይገኛል። በዚያች ሌሊት ጋጣውን ይጠብቅ የነበረው ልጅ እራቱ ውስጥ ኦፒየም የተባለ መራራ የሚያስተኛ ዕፅ ተጨምሮበት እንቅልፍ ጥሎታል። ጋጣው ውስጥ ውሻ ነበር። ሆልምስ ለፖሊሱ «በዚያች ሌሊት ውሻው ያደረገውን ልብ በል» ይለዋል። ፖሊሱም ውሻው ምንም አላደረገም ብሎ ይመልሳል። ሆልምስም የሚገርመው ይኸው ነው ይለዋል።

እዚህ ላይ ንባቡን አቁሜ «ምን ማለቱ ነው?» አልኳቸው። በክፍሉ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ዝም አሉ። ከወደ ኋላ የምትቀመጥ፣ በቋንቋ ትምህርት እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ግን «መምህር፣ የእኛ ውሻ እኮ አባቴ አምሽቶ ሲመጣ አይጮህም» አለች። አንድ ነገር ባለመኖሩ ማስረጃ እንደሚሆን ለማስረዳት የሰዋስው መጽሐፍ ምንም አላገዘኝም ነበር፤ እሷ ከግቢያቸው ይዛው መጣች። ተማሪዎችን ወደ ንባብ ለመሳብ ከዚህ ድርሰት የተሻለ ነገር አላውቅም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ያነበበውን በቃሉ እንዲደግም አይጠይቀውም፤ ከሚያውቀው ነገር ጋር እንዲያገናኘው ይጠይቀዋል። ሲሳሳትም የት ላይ እንደሳተ ራሱ ተመልሶ ያገኘዋል።

ፈረሱን ማን እንደወሰደው እዚህ አልናገርም፤ ታሪኩን ላላነበበ ሰው መልሱን መንገር ግፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የልጅቷን መልስ የሰማ ሌላ ተማሪ ከመቀመጫው ተነስቶ «ኦፒየሙ እንዴት አልጎመዘዘውም?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን አልሰጠሁትም፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ጠባቂው እራት የቀረበለትን ቦታ እንደገና አነበብን። ምግቡ ቅመም የበዛበት የበግ ወጥ ነበር። ልጁ ጥቂት አሰበና «ታዲያ የዚያን ቀን ቅመም ያለው ወጥ እንዲሠራ ማዘዝ የሚችለው ማን ነው?» አለ። መስመሩን ከግማሽ ሰዓት በፊት ሁላችንም ሰምተነው ነበር።