አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማይነካቸው መብቶች

ጦርነት ሲነሳ ወይም አምባገነን መንግሥት ፍርሃት ሲይዘው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይመጣል። ብዙ ሰው አዋጁ ከወጣ መብት የሚባል ነገር ያበቃለት ይመስለዋል። አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 4፣ የአገር ህልውና አደጋ ላይ ሲወድቅ አንዳንድ መብቶችን መገደብ ይፈቅዳል። ሰዓት እላፊ ማወጅ ይቻላል፤ ሰልፍ መከልከልም እንዲሁ። ያውም አደጋው በሚጠይቀው ልክ ብቻ፣ በይፋ ታውጆ።

ማሰቃየት ግን በጦርነት መሃልም ክልክል ነው። ትናንት ወንጀል ባልነበረ ድርጊት ዛሬ መቅጣትም አይቻልም።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሰው ደብዛ መጥፋት ነው። ልጇ ሌሊት የተወሰደባት እናት ቅያሪ ልብስ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ትዞራለች። "እዚህ የለም" ይሏታል። የት እንዳለ ስትጠይቅ መልሱ "አዋጅ ነው" ይሆናል። ይህ የሕግ መልስ አይደለም! የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ አንቀጽ 4 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰውን አስሮ መካድ በአዋጅ ሽፋንም እንደማይፈቀድ በግልጽ አስፍሯል። እስሩ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ፍርድ ቤት እንዲያጣራ አቤት የማለት መብትም በአዋጅ አይቀርም።