ስታትስኸዚኽት ምንድን ነው? «የዘመኑ ፎቶግራፍ» ግን አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሳለ የአምስተርዳም ጎዳና ለጥፎ «ካሜራ ሳይመጣ የተነሳ ፎቶ! ከተማዋ እንዴት ደልቷት እንደነበር እዩ» አለን። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ።

ስታትስኸዚኽት ከተማዋ ራሷ ዋና ባለጉዳይ የሆነችበት የደች (የኔዘርላንድ) ሥዕል ነው። ቦይ፣ ድልድይ፣ ደወል ቤት፣ ገበያተኛ። እስከዚህ ጠብ የለንም።

እንግዳ የሚጠበቅበትን ሳሎን አስቡ። ሶፋውም ስኒውም የቤቱ ነው፤ ያልታጠበው ልብስ ግን አልጋ ሥር ገብቷል። ሰዓሊውም ጡቡን አንድ በአንድ በእውነት ይስላል፣ መንገዱን ግን ጠርጎ ነው የሚያሳየን። እንግዳው ገዢው ነዋ! ደቹ ሰዓሊ ካስፓሩስ ካርሰንማ ከጎረቤት ሶፋ እስከ መዋስ ደርሷል፦ የትም ጎን ለጎን ቆመው የማያውቁ ሕንፃዎችን አንድ ቦይ ዳር ይደረድራቸዋል። ጎዳናው ላይ የሚታዩት ሰዎችም ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም በሌላ ሰዓሊ እጅ የተጨመሩ ናቸው።

ደልቷት ነበር ለሚለውም፦ የናፖሊዮን የንግድ እገዳ የወደቧን ሥራ አድርቆት፣ ከ200 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝቧ በ1815 ገደማ ወደ 180 ሺህ ወርዶ ነበር። ሸራው ላይ ይህ የለም።

ዮሃንስ የልኸርሃውስ በ1820 የሳለው የመጻሕፍት ሱቅ ለፎቶ ይቀርባል ቢባል እሺ። ባለሱቁ ፒተር ሜየር ቫርናርስ በስም ይታወቃል፣ አድራሻውም የአምስተርዳሙ ፋይኸንዳም ነው። መደርደሪያው እስከ ላይ ሞልቷል፤ ያኔ ብዙ መጽሐፍ ሳይጠረዝ ይሸጥ ስለነበር የወረቀት ክምሩ አይግረማችሁ። ግን የልኸርሃውስ የመድረክ ተዋናይም ነበር፤ እንዲያውም ስለ ተዋናይ አቋምና የእጅ እንቅስቃሴ መጽሐፍ ጽፏል። ሰው የት ቢቆም እንደሚያምር ያውቃል።

 

ቮውተር ፋን ትሮስትቫይክ በ1809 የአምስተርዳሙን ራምፖርትየ በር በበረዶ ውስጥ ስሏል። ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳ ነገር አይታይበትም። በዓመቱ በ28 ዓመቱ ሞተ። ፎቶ ነው ብሎ የሚሟገተኝ ሰው ቢያንስ እሱን ቢጠቅስ መልስ ለመስጠት እቸገር ነበር።