ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ፦ ቀደምት ሰፋሪዎች፣ ቤተሰቦችና የፍርድ ቤቱ መዝገብ

ኖርዝሃምፕተን በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለ ጠባብ መሬት ነው። የገጠር ካውንቲ ነው፤ በ2020 ቆጠራ ነዋሪው 12,282 ብቻ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህች ትንሽ ቦታ ግን አሜሪካ ውስጥ አቻ የሌለው ሀብት አላት። ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ የካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ እዚህ ይገኛል።

መዝገቡን ያተረፈው በከፊል ባሕሩ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ብዙ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች መዛግብታቸውን ለደኅንነት ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩ። ከተማዋ በ1865 ስትቃጠል አብረው ነደዱ። ኖርዝሃምፕተን በውሃ ተለይታ፣ ከ1861 ጀምሮም በሰሜኑ ጦር እጅ ስለነበረች መጻሕፍቷ ከቤታቸው አልወጡም።

እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የአኮማክ ሕዝብ ነበር። መሪያቸው ዴቤዴቮን ይባል ነበር፤ እንግሊዞች «ሳቂው ንጉሥ» ይሉት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ ቶማስ ሳቬጅ ነው። በ1608፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ እያለ ገደማ፣ ቋንቋ እንዲማር ለነባር ሕዝቦቹ አለቃ ለፓውሃታን ተሰጠ። አድጎ አስተርጓሚ ሆነ። ዴቤዴቮንም መሬት ሰጠው። ቦታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ካውንቲው በ1634 ከተቋቋሙት ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አንዱ ሲሆን፣ ያኔ ስሙ አኮማክ ነበር። በ1643 ገደማ ኖርዝሃምፕተን ተባለ። ስሙን ያወጣው ኦቢዲየንስ ሮቢንስ የተባለው ሰፋሪ በእንግሊዝ አገር ያለውን የትውልድ ቀዬውን አስታውሶ ነው ይባላል። በ1663 ሰሜኑ ክፍል ተቆርጦ የድሮውን ስም ይዞ ሄደ።

ዳኞቹ ሕግ የተማሩ አልነበሩም። ትንባሆ የሚያመርቱ ባለጸጋ ገበሬዎች ነበሩ። ገንዘቡም ትንባሆ ነው፤ ግብሩም፣ ቅጣቱም፣ ዕዳውም በፓውንድ ትንባሆ ይቆጠራል። በ1652 በየራሱ 46 ፓውንድ ሲጣልባቸው፣ ነዋሪዎቹ «በምክር ቤት ወኪል ሳይኖረን ለምን እንገብራለን?» ብለው በጽሑፍ ተቃወሙ። ይህን ያሉት ከአሜሪካ አብዮት ከ120 ዓመት በፊት ነው።

ከቤተሰቦቹ ስሙ ርቆ የተሰማው የከስቲስ ነው። ዳግማዊ ጆን ከስቲስ በ1670ዎቹ አርሊንግተን የተባለ ትልቅ የጡብ ቤት እዚህ ሠራ። የልጅ ልጁ ልጅ የማርታ ዋሽንግተን (የፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት) የመጀመሪያ ባል ነበር። በኋላ ከዘሩ አንዱ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሌላ ቤት ሠርቶ ያንኑ ስም ሰጠው። የአርሊንግተን የጦር መቃብርም፣ በ1920 ደግሞ በዚያ ያለው ካውንቲ፣ ስሙን ከዚያ ወሰዱ። ዛሬ ብዙ ሐበሻ «አርሊንግተን ነው የምኖረው» ሲል የሚጠራው ስም ከዚህ እርሻ የመጣ ነው።

ለእኔ ግን የመዝገቡ ትልቁ ታሪክ አንቶኒ ጆንሰን ነው። በ1621 «አንቶኒዮ፣ ጥቁር» ተብሎ ተመዝግቦ ቨርጂኒያ ገባ። ነጻ ወጣ፤ ሜሪ የምትባል አፍሪካዊት አገባ። በ1651 ወደ ቅኝ ግዛቱ ለመጡ አምስት ሰዎች፣ በየራሱ 50 ኤከር እየታሰበለት፣ የ250 ኤከር ባለቤት ሆነ። በ1653 እሳት ንብረቱን ሲያወድምበት፣ ፍርድ ቤቱ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ዕድሜ ልካቸውን ከግብር ነጻ አደረጋቸው።

ከዚያ የሚከብደው ገጽ ይመጣል። ጆን ኬሰር የተባለ የጆንሰን ጥቁር ሠራተኛ «የውል ዘመኔ ካለቀ ሰባት ዓመት አልፎኛል» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሮበርት ፓርከር ሄደ። ጆንሰን ፓርከርን ከሰሰ። በመጋቢት 1655 ፍርድ ቤቱ ኬሰር ወደ ጆንሰን እንዲመለስ፣ ወጪውንም ፓርከር እንዲከፍል ወሰነ። ኬሰር ዕድሜ ልኩን ተያዘ። ይህን ጉዳይ «የአሜሪካ ባርነት መነሻ» የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። በ1640 ጆን ፓንች ጠፍቶ በመያዙ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተፈርዶበት ነበር። የኬሰር ልዩነቱ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ በንብረት ክርክር ብቻ መሆኑ ነው።

በ1645 የተመዘገበ አንድ የእማኝነት ቃልም አለ። አንቶኒ የተባለ ጥቁር ከአንድ ካፒቴን ጋር የበቆሎ ማሳ ተካፍሎ ሲያበቃ፣ «አሁን የራሴን መሬት አውቄዋለሁ፤ ስፈልግ እሠራለሁ፣ ስፈልግ እጫወታለሁ» ይላል። ተናጋሪው ጆንሰን ራሱ ይሁን ሌላ አንቶኒ፣ የታሪክ ሰዎች አልተስማሙም።

ጆንሰን በ1660ዎቹ ወደ ሜሪላንድ ተሻገረ፤ በ1670 አካባቢም ሞተ። በዚያው ዓመት አንድ ሸንጎ ቨርጂኒያ ውስጥ ለልጁ ሰጥቶት የሄደውን 50 ኤከር ነጠቀ። ምክንያቱም ጥቁር ስለነበር «ባዕድ» ነው የሚል ነበር። የልጅ ልጁ በ1677 ሜሪላንድ ውስጥ 44 ኤከር ገዛ። «አንጎላ» ብሎ ሰየመው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካውንቲው በእርሻ ኖረ። በ1884 ባቡር መጣ፣ ኬፕ ቻርልስ ከተማም ተቆረቆረች። በ1964 የተከፈተው ድልድይና የባሕር ሥር ዋሻ፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቨርጂኒያ ቢች በኩል ያሻግራል። ኢስትቪል ሲደርሱ የባለዕዳዎች እስር ቤትና በ1731 የተሠራው የጡብ ፍርድ ቤት በአንድ ግቢ ይታያሉ። መዝገቦቹም እዚያው ከተማ፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይገኛሉ።