ደረጃ በደረጃ የሚመራ ሥዕል ምንድን ነው?

መምህሯ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች። ልጆቹም ያችኑ መስመር ደብተራቸው ላይ ያሰምራሉ። ዞር ዞር ብላ አይታ፣ የዘገየውን ጠብቃ፣ ሁለተኛዋን ትጨምራለች። ስድስት ሰባት ጊዜ እንዲህ ሲደረግ ሰሌዳው ላይ አንድ ግመል ይቆማል፤ በየደብተሩም እንዲሁ። ደረጃ በደረጃ የሚመራ ሥዕል የሚባለው ይኸው ነው፦ አንድን ነገር ልጅ ሊስላቸው ወደሚችል ቀላል ቅርጾች ከፋፍሎ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ፣ አብሮ መሳል።

ሲያዩት ቀላል ስለሆነ አንዳንድ መምህራን ክፍል ሲረበሽ ልጆችን ጸጥ ማሰኛ ያደርጉታል። ሌሎች ደግሞ ፈጠራን የሚገድል ኩረጃ ነው ብለው ጨርሰው ይሸሹታል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ከትንንሽ ልጆች ጋር የምውል መምህር ነኝ፤ ሁለቱንም አልቀበልም። በአግባቡ ሲሠራ ልጅን የሚያስተምረው ማየትን ነው። እጁ የሚፍታታው ዓይኑን ተከትሎ ነው።

ነገሩን በባጃጅ ላስረዳ፤ ድሬ ላይ ባጃጅ የማያውቅ ልጅ የለም። የአምስት ዓመት ልጅ ባጃጅ ሳል ሲባል ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ጎማ ጎን ለጎን ደርድሮ ያስቀምጣል። ባጃጅ ሦስት ጎማ እንዳለው ያውቃላ! ሾፌሩንም የባጃጁን አካል አልፎ እስከ እግር ጣቱ ድረስ ይስለዋል። የልጆችን ሥዕል ያጠናው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሄንሪ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚስለው ከፊቱ ከሚያየው ይልቅ ስለ ነገሩ የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ ሦስት ጎማ የሳለውን ልጅ ተሳስተሃል ማለት አይገባም፤ ያወቀውን ነው የነገረን። የተመራ ሥዕል የሚጨምርለት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ቆመን ስናየውስ?

ለዚህ ነው ጠመኔ ከመነሳቱ በፊት መታየት ያለበት። ልጆቹን ወደ ግቢው በር ወስዳችሁ በጎን የሚያልፈውን ባጃጅ አሳዩአቸው። ስንት ጎማ ታየህ? ሁለት። ሦስተኛው የት ሄደ? እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፤ ተዉአቸው ይከራከሩ። አንዷ ተደብቋል ትላለች፣ ሌላው ከወዲያ በኩል ነው ይላል። ከትምህርቱ ሁሉ ውዱ ይህ ክርክር ነው። ጊዜ የለንም ብሎ የሚዘለው መምህር እጅግ ብዙ ያጣል።

ከዚያ ወደ ክፍል። ደብተሩን ወደ ጎን አዙሩ፤ ባጃጅ ከቁመቱ ርዝመቱ ስለሚበልጥ ወረቀቱም መርዘም አለበት። መጀመሪያ የመሬቱ መስመር ከታች ይሰመራል። ቀጥሎ ሁለቱ ጎማዎች ናቸው፤ ክብ መሳል ለሚቸግረው ልጅ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ስጡትና ዙሪያውን ያስምር። ጎማዎቹ ተራርቀው መሬቱን መንካት አለባቸው። ሦስተኛው ደረጃ ሁለቱን ጎማዎች ከላይ የሚያገናኝ ረጅም መስመር ነው። አራተኛው፣ ከኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር፣ ከፊት ደግሞ ወደ ኋላ ጋደል የሚል መስመር። ለምን ጋደል አለ? መስታወቱ ስለሆነ። አምስተኛው ከላይ ደፋ ያለው ጣሪያ። ከዚያ መብራቱ፣ መቀመጫው፣ መሪው።

እዚህ ላይ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ማን ተሳፍሯል? ወደ ከዚራ ነው ወደ ሳቢያን የሚሄደው? ምን ተጭኗል? መንገዱ ዳር ምን አለ? ይህን ሰሌዳው አይመልስም። ጥሩ የተመራ ሥዕል ሁልጊዜ የመጨረሻ ደረጃው ባዶ ነው፤ እሱን የሚሞላው ልጁ ነው። በዚህ ጊዜ አያቷን ከነነጠላዋ የምታሳፍር ልጅ አለች፣ አሥር ፍየል የሚጭንም አለ። ይህ ደረጃ ከሌለ ከላይ ኩረጃ ነው ያሉት መምህራን እውነት አላቸው፤ ያኔ አብሬያቸው ነኝ።

የትኛው ቅርጽ በስንት ዓመት እንደሚቻል ማወቅ ደረጃዎቹን ለማዘጋጀት በጣም ይረዳል። አብዛኞቹ ልጆች ክብን አይተው መሳል የሚችሉት በሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ መስቀለኛ መስመር በአራት፣ አራት ማዕዘን በአራትና በአምስት መካከል፣ ሦስት ማዕዘን በአምስት ዓመት ገደማ ወይም ትንሽ ቆይቶ፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ግን ብዙ ጊዜ ከስድስት በኋላ ነው። ጋደል ያለ መስመር የሚያስቸግራቸው ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለአራት ዓመት ልጅ ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ ቤት ሰጥቶ ለምን ተጣመመ ማለት ግፍ ነው።

ለፊደልም የሚጠቅመው በዚሁ መንገድ ነው። ፊደላችን የትንሽ መስመር ቦታ የሚወስነው ጽሕፈት ነው። በ ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ አጭር መስመር ሲጨመርላት ቡ ትሆናለች፤ ያችው መስመር ወደ እግሯ ግርጌ ስትወርድ ቢ፤ ግርጌዋ ላይ ቀለበት ሲታሰር ቤ። የባጃጁ መብራት ከላይ ነው ከታች፣ መስመሩ ጎማውን ይነካል አይነካም እያለ የለመደ ዓይን ቡን ከቢ መለየት አይከብደውም።

እዚህ ከተማ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ልጅ አብሮ ይቀመጣል። የመማሪያውን ቋንቋ ገና ያልጨበጠ ልጅ "ከላይ ወደ ታች"፣ "በስተግራ"፣ "መሃሉ ላይ" የሚለውን ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር ሲሰማ ቃሉ ይያዝለታል። ስለዚህ መምህሩ ዝም ብሎ አይሳል። እየሳለ በአጭር በአጭሩ ይናገር፤ አንድ መስመር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

የሚሳለው ነገር ምርጫ ላይ ደግሞ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ከውጭ የተቀዳ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሁለት ሻኛ ያለው ግመል አለ፤ እንዲህ ያለው ግመል የመካከለኛው እስያ ነው። የእኛው ባለ አንድ ሻኛ በየገበያው እየታየ ልጅን ያኛውን ማስሳል ዓይንህን አትመን እንደ ማለት ይቆጠራል። በበረዶ የተሠራ ሰው ለድሬ ልጅ ምኑ ነው? የሐረር ሙዳይ አለ፤ ክብና ሦስት ማዕዘን ለማስተማር ከሱ የተሻለ አላውቅም። የሐረር ጅብ አለ፦ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ ስለዚህ ጀርባው ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ጆሮው ክብ ነው። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሳለ ልጅ ውሻ ይወጣለታል፤ የቱ ጋ እንደተለየ ራሱ ይፈልግ።

ተቃውሞው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በሕፃናት ሥዕል ትምህርት ትልቅ ስም ያለው ኦስትሪያ ተወላጁ ቪክቶር ሎዌንፌልድ ቀለም ብቻ የሚቀቡባቸው ዝግጁ ሥዕሎች ልጅ በራሱ ሥዕል ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽሩታል ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። አደጋው እውነት ነው። "እኔ አልችልም፣ አንተ ሳልልኝ" የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ከሰሌዳው ጋር እየተነጻጸረ ያደገ ነው። ስለዚህ የተመራ ሥዕል ብቸኛው የሥዕል ክፍለ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ያለ ምንም መሪ የሚስሉበት ጊዜ ከሱ ቢበልጥ ነው የምመርጠው። ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. እንደጻፉት የአስተማሪ እገዛ ለሕንፃ እንደሚቆም መወጣጫ ነው፦ ግድግዳው ሲጸና ይነሳል።

በክፍል ውስጥ የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ላጲስ ከተፈቀደ ግማሹ ክፍል ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲፍቅ ይቀራል፤ መጀመሪያ እርሳሱን ሳያጠብቁ ቀለል አድርገው ይሳሉ፣ በኋላ ያደምቁት። መምህሩ ሰሌዳውን ከጋረደ የኋላ ወንበር ያለው ልጅ የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው፤ ጎን ቆሞ ይሳል። በግራ እጁ የሚስለውን ማንም እጁን አያስቀይረው። ማርክ ደግሞ ከነአካቴው ይቅር። ቢሰጥ እንኳ ከሰሌዳው ጋር በመመሳሰሉ አይሁን፤ "ይህን ለምን እዚህ አደረግሽው?" ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

መወጣጫውን ማንሳት እንዲህ ይጀመራል። አንድ ሳምንት ሁሉም ደረጃ አብሮ ይሠራል። በሚቀጥለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ይሰጡና የቀረውን ልጆቹ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻ ይነገራል፦ የጭነት መኪና። ቀጥሎ ጠመኔው ለአንድ ልጅ ይሰጥና እሱ ክፍሉን ይመራል፤ መምህሩም ከልጆቹ መካከል ተቀምጦ፣ ደብተር ይዞ፣ የተባለውን መስመር ይስላል። ልጁ "መጀመሪያ ምን ልበላቸው?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱን አትንገሩት። ነገሩን ትኩር ብሎ እንዲያየው ጊዜ ስጡት።