የጡት ካንሰር ኅብረ ሕዋስ ገጽታዎችና የሕመሙ ቀጣይ ሂደት፦ ከሰሜን ሸዋ አንጻር አጠቃላይ ዳሰሳ

ከጡት እብጠት የተወሰደ ናሙና በፓቶሎጂ (ሕዋሶችን በማይክሮስኮፕ በሚያይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ሲመረመር ካንሰር መሆን አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ሕመሙ ምን ያህል ሊፋጠንና ለየትኛው መድኃኒት ሊበገር እንደሚችል ጭምር ያመለክታል። ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን የዞኑ ታካሚዎች በሪፈር የሚላኩባት ከተማ ስትሆን፣ ዩኒቨርሲቲዋም ስመ ጥሩውን የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን በሚዘክረው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ ሐኪሞችን ያሠለጥናል።

ዕጢን በሕዋሶቹ መልክ የመመደብ ሥራ የቆየ ነው። ብሉምና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረቡትን ዘዴ ኤልስተንና ኤሊስ በ1991 አሻሽለውት፣ ዛሬ የኖቲንግሃም ግሬድ በሚል ስም ይሠራበታል። ፓቶሎጂስቱ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ ሕዋሶቹ ምን ያህል የቱቦ ቅርጽ እንደያዙ፣ ኒውክለሳቸው (የሕዋሱ እምብርት) ከጤናማው ምን ያህል እንደተለየ፣ በመከፋፈል ላይ ያሉት ሕዋሶች ስንት እንደሆኑ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከዕጢው ከ75 በመቶ በላይ የሚሆነው ቱቦ ከሠራ 1፣ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ 3 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል፤ ግሬዱ ከፍ ባለ ቁጥር ካንሰሩ ይበልጥ ፈጣን እንደሚሆን ይጠበቃል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ተራ ማይክሮስኮፕና የተለመደው ቀለም የሚበቁት መሆኑ ነው፤ ውድ መሣሪያ ባልተስፋፋበት አካባቢ ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም።

ግሬድ ከስቴጅ ጋር መምታታት የለበትም፤ ስቴጅ የካንሰሩን መጠንና ስርጭት ይገልጻል። የኖቲንግሃም ትንበያ ቀመር ግን ሁለቱን ያገናኛል፦ የዕጢው ስፋት በሴንቲ ሜትር በ0.2 ተባዝቶ፣ የግሬዱና የብብት ንፍፊቶች ነጥብ ይደመርበታል። ካንሰር ያልደረሰባቸው ንፍፊቶች 1፣ ከ1 እስከ 3 የተያዙ እንደሆነ 2፣ 4ና ከዚያ በላይ ከተያዙ 3 ነጥብ ይይዛሉ። ውጤቱ ከ5.4 ከበለጠ ተስፋው ጠባብ እንደሆነ ይወሰዳል።

የኢስትሮጂንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞኖች የሚያርፉባቸው ፕሮቲኖች፣ ማለትም ተቀባዮች፣ ቢያንስ በ1 በመቶ ሕዋሶች ላይ ከታዩ ዕጢው ፖዘቲቭ ተብሎ እንደ ታሞክሲፌን ላሉ የሆርሞኑን ሥራ ለሚገቱ መድኃኒቶች ይታሰባል። ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን ሲበዛ ካንሰሩን ያፋጥነዋል፤ ሆኖም ይህን ፕሮቲን ለይቶ የሚያጠቃው መድኃኒት ትራስቱዙማብ ከተገኘ ይህን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሰዋል። በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ ተቀባይ አልባ ዕጢ ይበዛል የሚለው አስተያየት አከራካሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ግን ከዕጢዎቹ 65 በመቶ ያህሉ የኢስትሮጂን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ኬአይ-67 የተባለው የሕዋሶችን መባዛት የሚያሳይ ምልክት ጠቃሚ ቢሆንም፣ አቆጣጠሩ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ሊለያይ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ናሙናው በአግባቡ ከተያዘ ነው። የተቆረጠው ሥጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከዘገየ የሚከፋፈሉት ሕዋሶች ቁጥር አንሶ ግሬዱ ከእውነተኛው ዝቅ ሊል፣ ተቀባዮቹም የሌሉ ሊመስሉ ይችላሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ፎርማሊንን አይተካም። ስለዚህ እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ካሉ የዞኑ ከተሞች የሚላክ ናሙና ገና ከተቆረጠበት ክፍል ሳይወጣ በቂ ፎርማሊን ሊደረግበት፣ ሥጋው የተቆረጠበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓትም በመላኪያው ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል።