ውሎና አዳር፦ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ ላለባቸው ልጆች የዕለት ልማድ በኢትዮጵያ

የዕለት ልማድ ሲባል ልጁ ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ እስኪተኛ የሚያደርጋቸው ነገሮች በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል፣ ሲቻልም በተመሳሳይ ሰዓት እንዲመጡ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወላጆች ባጭሩ «ፕሮግራም ማስያዝ» ይሉታል። ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ጠባይን የሚነካ ልዩነት)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማነስና ያለ እረፍት መቅበጥበጥ) ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ልዩነት ላለበት ልጅ ፕሮግራም ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ ይረጋጋል። የተረጋጋ ልጅ ደግሞ ለመማር ጊዜ ያገኛል።

በአማርኛ ስለዚህ የተጻፈው ጥቂት ነው። ያለውም በአብዛኛው በኦቲዝም ማዕከላት ዙሪያ የተገኘ ስለሆነ ይህ ጽሑፍም ወደዚያው ያዘነብላል። ኤዲኤችዲ ባጭሩ ነው የሚነሳው።

በስያሜው ላይ ስምምነት የለም። «ኦቲዝም» እንዳለ ተወስዷል። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው ይበዛል፣ በትምህርት ቤት ደግሞ «ልዩ ፍላጎት»። «ዘገምተኛ» የሚለውን አሮጌ ቃል ወላጆች አይወዱትም፤ ልክ ናቸው።

አመጣጡ

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ነበር። ልጆቹ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይ አጥብቀው እንደሚሹ ያኔ ነው ያስተዋለው። ይህን ጠባይ ለማስተማሪያነት መጠቀም ግን በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር የጀመረው «ቲች» የሚባል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1972 የግዛቲቱ ፕሮግራም ሆነ። ክፍሉ ለሥራ፣ ለጨዋታና ለእረፍት ይከፈላል። የቀኑ ውሎ ደግሞ በሥዕል ተደርድሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 «ፔክስ» ተከተለ። በዚህኛው ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንስቶ ለሰው በመስጠት ይጠይቃል። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምናየው የሥዕል ሰሌዳ መነሻው እነዚህ ናቸው።

በኢትዮጵያ

የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይ፣ ከመከፈቱ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ያደጉት ቤት ውስጥ ተደብቀው ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤትም ጠፋ። እንግዲህ ራሳቸው ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአገራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ወጥተው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል ድፍረት አልነበረም። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ነው ብዙ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ከቤት የወጡት። እኚህን ሴት ሳያመሰግኑ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ይከብዳል።

በማዕከሉ ከፊደል እኩል ራስን መርዳት ይሰጣል፤ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ። ወይዘሮ ዘሚ ሌላም ነገር ትተውልናል። የአማርኛን ፊደል ድምፅ ተከትሎ ንግግርና ንባብ የሚያለማምድ፣ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉት ዘዴ ነው። የእኛ ፊደል ለዚህ መመቸቱ አይገርምም። ሀ ሁሌም ሀ ነው፤ በየቃሉ ድምፁን አይቀያይርም። ልማድ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ፊደል ከየት ይመጣል? ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ማዕከሉ ቀጥሏል። ከጆይ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል።

ማዕከላት ግን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ወረፋ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን አነጋግሮ ነበር። ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ቅድሚያ የሰጡት ለልጃቸው ትምህርት ማግኘትን ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና የመጣው። ድርጅቱ ኦቲዝም ስፒክስ ከተባለው የአሜሪካ የኦቲዝም ድርጅት ጋር ያዘጋጀው ሲሆን ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች የታሰበ ነው። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኢትዮጵያ ሥልጠናው ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በአዲስ አበባም በገጠርም ተሞክሯል። የሥልጠናው ዋና ሐሳብ ቀላል ነው። ልጁን ለማስተማር የተለየ ሰዓት አትፈልጉ ይላል። ልብስ ስታለብሱት፣ ስታጥቡት፣ ስታበሉት፣ ስታጫውቱት አስተምሩት። አንዱን ሥራ ወደ ትናንሽ እርምጃዎች ከፋፍሉ፤ ልጁ የቻላትን አንዷን እርምጃ ራሱ ይሥራ።

ቀኑ እንዴት ይሄዳል

ጠዋት ላይ የሥዕል ሰሌዳው ይቀድማል። ስልክ ቀርቶ ካርቶንና እስክሪብቶ ይበቃል። አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ ሳፋ፣ ልብስ፣ ቁርስ፣ ቦርሳ። ያለቀው ይገለበጣል ወይም ኪስ ውስጥ ይገባል። የሚታጠበው በጆግ ከሆነ ጆጉን ሣሉ፤ ሻወር የሌለበት ቤት ሻወር መሣል ልጁን ማደናገር ነው። ጥርስ መፋቅ፣ ፀጉር መቆረጥና ጥፍር መቆረጥ ብዙ ልጆች የሚያለቅሱባቸው ናቸው፤ ስሜቱ እውነት ያማቸዋል። ስለዚህ ቀኑ ቀድሞ ይነገራል፣ ሥራውም አጭር ይሆናል።

ለኤዲኤችዲ ልጅ ሰሌዳው ያጥራል። ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ በመሀል ሮጦ የሚመለስበት ሰዓትም ይኖረዋል።

ምግብ ላይ ብዙ ቤት ይቸገራል። አንዱ ልጅ ሽሮ ብቻ ነው የሚበላው፤ ሌላው እንጀራ ጣቱን ሲነካው ያቅለሸልሸዋል። ማንኪያ ስጡት፤ ባህል አይፈርስም። ከባዱ ጉርሻ ነው። እንግዳ በፍቅር ያጎርሳል፣ ልጁ ሳያስበው እጅ አፉ ላይ ይመጣበታል፣ ጩኸት ይነሳል። እንግዳውን በር ላይ ማስጠንቀቅ ነውር አይደለም። አዲስ ምግብ ሲቀርብ የለመደው ከጎኑ ይኑር።

እስካሁን ብዙም ያልተባለለት ነገር ቡና ነው። ያለ ማንም እገዛ ቀድሞ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም፤ መጀመሪያና መጨረሻውም ይታወቃል። ልጁ እዚህ ውስጥ የራሱ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ስኒ መደርደር፣ ስኒ መቁጠር፣ ፈንዲሻ ማዞር። ፈንዲሻ ሲያዞር ሰው ፊት ይቆማል፣ ያያል፣ ይጠብቃል፣ «እንካ» ይላል ወይም በእጁ ያሳያል። ተራ መጠበቅን በክፍል ውስጥ ለማስተማር ወራት ይፈጃል፤ ቡና ላይ በየቀኑ ሦስት ዙር ልምምድ አለ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የተናገራት ግልጽ ቃል «በረካ» ናት፤ ከበረካ በኋላ ውጭ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ። አንዳንድ ልጆች ግን የሙቀጫው ድምፅና የዕጣኑ ጭስ ይረብሻቸዋል። ሙቀጫው ወደ ውጭ፣ ልጁ ወደ መስኮቱ።

እንቅልፍ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚቸገሩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉም የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ፣ ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን ይመክራል። ስክሪኗ ላይ አብዛኞቻችን ወድቀናል። በአዲስ አበባ አንድ ዕድል አለ። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እራት፣ ከዚያ እግር ማጠብ፣ ከዚያ ጨለማ የሚል ልማድ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይናጋል። ብልህ ወላጆች ለዚህ የሻማ ሥዕል ያለው ካርድ አላቸው። ሻማው ሲወጣ ልጁ «ዛሬ ቴሌቪዥን የለም፣ ተረት አለ» ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ልማድ የሚፈርስባቸው ቀናት

ጾም የቤቱን ምግብ ይቀይራል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እንቁላል ፍርፍር ብቻ የሚበላ ልጅ ቤት ውስጥ የጾምና የፍስክ ድስት ጎን ለጎን ይጣዳል። ረመዳን ደግሞ የቤቱን ሌሊትና ቀን ያምታታል፤ የልጁ የመኝታ ሰዓት ግን ባለበት ቢቆይ ይሻላል። እንቁጣጣሽና መስቀል ችቦ፣ ርችትና ድምፅ ማጉያ ይዘው ይመጣሉ። በጉም አለ። በዋዜማው ተገዝቶ ግቢ ይታሰራል፣ ልጁ ይወዳጀዋል፣ በነጋታው የለም። ለዚህ ካርድ የሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ይዘጋል፤ ብዙ የተለመደ ነገር የሚጠፋውም ያኔ ነው።

የሚያከራክሩ ነገሮች

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያስነሳው ጽሑፍ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል።

ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የሌለው ምግብ ጠባይ ያሻሽላል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ጠንካራ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። መሞከር ለሚፈልግ ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ሌላው ዓለም በውድ የሚገዛው እኛ ጓዳ አለ። የገበያ እንጀራ ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ግን ይጠየቅ።

ጠበልን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውንም ጠበሉንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ቤተሰቡ የሚጽናናበትን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ልጅን ማሰርና መግረፍ ግን በየትኛውም ስም አይሆንም።

አዋቂ የሆኑ ኦቲስቲክ ሰዎች በሌላው ዓለም የሚያነሱት ቅሬታም አለ። ፕሮግራሙ ልጁን «እንደ ሌላው ሰው» ለማስመሰል ከሆነ ይጎዳል ይላሉ። እጁን የሚያወዛውዘው ልጅ ራሱን እያረጋጋ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ይህ ክርክር ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል።

ከአገር ውጭ

ውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነገሩ ይለያል። በስዊድን ስቶክሆልም በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። «ሲጨልም እንተኛለን» የሚለው የአገር ቤት ሕግ እዚያ አይሠራም፤ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀላል። ሁለቱ ሰዓቶችም አሉ። እናት «አንድ ሰዓት» ስትል አስተማሪው 7 ይላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በዚህ ሊናደድ ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ ይሻላል። ከአያት ጋር በቪዲዮ ማውራትም የራሱ ሥዕል ካለው ጥሩ ነው። አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ሲቀያይር ግን አዲስ አበባ ያሉት አያት ስልኩን ይዘው አንድ ሰዓት ቀድመው ወይም ዘግይተው ይቀመጣሉ።